የለቅሶ ድንኳኗ መምህርት

ሰምሃል ተምራ ተምራ የቀራት ነገር ማስተማር ብቻ ነበር፤ እሱን ደግሞ የሚሰጣት ጠፋ።

በስታቲስቲክስ ዶክትሬቷን ይዛ አንድ የምርምር ተቋም ውስጥ ፖስት ዶክ የሚባለውን ሥራ ትሠራለች። ፖስት ዶክ ማለት፣ ሰው ዶክተር ከሆነ በኋላ ዶክተር መሆኑን የሚያምንለት እስኪያገኝ ድረስ የሚቆይበት ቦታ ነው። እናቷ ወይዘሮ እጸገነት ይህን ለካዛንቺስ ጎረቤቶቻቸው ማስረዳት አቅቷቸው ከተዉት ቆይተዋል። «ከዶክተር በኋላ የሚመጣውማ ቄስ ነው፤ ሌላ ምን አለ?» ይላሉ። የሰምሃል ውል በሰኔ መጨረሻ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ወይ ቋሚ መምህር ትሆናለች፣ ወይ ከነዶክትሬቷ እናቷ ሳሎን ሶፋ ላይ ትቀመጣለች።

ቦታስ ነበረ። መስቀል ፍላወር አካባቢ ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ የስታቲስቲክስ መምህር እፈልጋለሁ ብሎ ማስታወቂያ አውጥቷል። ሰምሃል ማስረጃዎቿን ተሸክማ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ዶክተር አረጋዊ ቢሮ ገባች። ዶክተር አረጋዊ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ጠረጴዛቸው ላይ አንድም ነገር የማይታይ ሰው ናቸው። ወረቀቷን አገላብጠው አዩና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሁሉ ነገር አለሽ» አሏት። «የማስተማር ልምድ ብቻ ነው የሌለሽ።»

«እሺ፣ እዚሁ ትንሽ ላስተምርና ልምዱን ላግኝ።»

«ልምድ የሌለውን ሰው ክፍል አናስገባም።»

«ታዲያ ከየት ላምጣው?»

«ሌላ ቦታ አስተምረሽ።»

«ሌላ ቦታም እንደዚሁ ነው የሚሉኝ፣ ዶክተር።»

«ልክ ናቸዋ!» አሉ ዶክተር አረጋዊ ደስ ብሏቸው። «መስፈርቱ አንድ ዓይነት ነው።»

ከዚያ መስፈርቱን አብራሩላት። ያስተማረችበት ድርጅት በሕግ የተመዘገበ መሆን አለበት። ተማሪዎቹ አዋቂዎች፣ ስማቸው እየተጠራ የሚከታተሉ መሆን አለባቸው። ኮርሱ ደግሞ ከመግቢያው እስከ ፈተናው ሳይጓደል፣ ማመልከቻው ከመዘጋቱ በፊት ተሰጥቶ ማለቅ አለበት። ይኸው ነው፤ ከዚህ የቀለለ ነገር የለም በሚል ፊት እስከ በሩ ሸኟት።

ሰምሃል ያላንኳኳችው በር የለም። ወሎ ሰፈር ያለ አንድ ኮሌጅ «በነጻ ላስተምር» ብትለው፣ በነጻ ለማስተማርም ልምድ እንደሚያስፈልግ ነገራት። የማታ ትምህርት ቤት ያለው አንድ ሰውዬ ዶክተር መሆኗን ሲሰማ ደነገጠና «እኔን ልታስነሺኝ ነው?» ብሎ በሩን ዘጋባት። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ መጨረሻ ላይ መንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ ሄዳ «የመንገድ ሕጉን ላስተምር» አለች። መንዳት ትችያለሽ ወይ አሏት። አልችልም አለች። «እሱስ ግድ የለም» አሏት፣ «የማስተማር ልምድ አለሽ?»

ሳይደግስ አይጣላም ይባላል። እግዜር ለሰምሃል የደገሰላት ግን ለቅሶ ነበር።

በዚያ ሰሞን የሰፈር ሽማግሌ አርፈው «አንድ ጥላ» የተባለው መረዳጃ እድር ድንኳኑን ተከለ። የካዛንቺስ ሰው ክርስቲያን እስላም ሳይል የሚቀባበርበት እድር ነው። ሰፈሩ ፈርሶ ግማሹ አባል ወደ ከተማው ዳር ከሄደ ወዲህ እንኳ የለቀቀ የለም፤ ሰው ቤቱን ይቀይራል እንጂ ቀባሪውን አይቀይርም። በዚያ ላይ ሊቀመንበሩ አቶ አስገዶም ድንኳን ውስጥ ቆመው ስም ይጠራሉ፣ የቀረም ይቀጣል። ስለዚህ ሰው ታክሲ እየቀያየረ ይመጣል። መጥቶ ከተቀመጠ በኋላ ግን የሚሠራው የለውም። ሴቶቹ በጓሮ በኩል ከእትዬ ራሂማ ጋር ድስት ይጥዳሉ፣ ወንዶቹ ካርታ ይጫወታሉ።

ሰምሃል እግራቸውን ያመማቸውን እናቷን ተክታ ነበር የመጣችው። ከጎኗ አቶ ሃድጉ ካርታቸውን ይዘው ይብከነከናሉ። አቶ ሃድጉ ሰማንያን ያለፉ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጎማ ሲለጥፉ የኖሩ ጎሚስታ ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይተዋል፣ ልጅም አልወለዱ።

«በተደጋጋሚ ተበላሁ» አሉ። «አሁን በቃ፣ ተራው የኔ ነው።»

«ተራ የሚባል ነገር የለም፣ አባባ» አለች ሰምሃል ሳታስበው። «ካርታው እኮ ቅድም ማን እንደበላ አያስታውስም።»

«እንዴት ነው የማያስታውሰው?»

እንዴት እንደማያስታውስ ማስረዳት ጀመረች። ሳንቲም አውጥታ ወረወረች፣ ዘውድና ጎፈሩን ቆጠረች፣ አስቆጠረች። ቀና ስትል ድንኳኑ በሙሉ ወደሷ ዞሯል። ካርታው ተቀምጧል፣ እትዬ ራሂማ ጭልፋቸውን እንደያዙ ብቅ ብለዋል፣ ሐዘንተኞቹ ሳይቀሩ አንገታቸውን አስግገው ያዳምጣሉ። ልክ በዚህ ጊዜ አቶ አስገዶም ተነሥተው ስም መጥራት ጀመሩ፣ ሰዉም አንድ በአንድ «አቤት» አለ። የሰምሃል ልብ ዘለለ። በሕግ የተመዘገበ ድርጅት። አዋቂዎች። ስማቸው እየተጠራ።

ነገሩን ስታማክራቸው አቶ አስገዶም ረጅም ጊዜ አሰቡበት። ጡረታ እስኪወጡ መዝገብ ቤት የሠሩ ሰው ናቸው፤ በዚህ ዓለም ከደንብ በቀር የሚያስፈራቸው ነገር የለም።

«ደንቡ አይከለክልም» አሉ በመጨረሻ። «ማለቴ፣ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ያስባል ብሎ የጠረጠረ የለም። ሐዘንተኛው ከፈቀደ አስተምሪ፣ ማኅተሙንም እንመታልሻለን። ግን ሰው ሲሞት ብቻ ነው።»

«በወርሃዊ ስብሰባ ላይስ?»

«በስብሰባማ ማን ይመጣል? ሰው ካልሞተ እድር የለም፣ ልጄ።»

የኮርሱ ርዕስ «የዕድል ስሌት መግቢያ» ሆነ። ስምንት ምዕራፍ አለው፤ ለእያንዳንዱ ሟች አንድ ምዕራፍ ተመደበ። ሰሌዳ ስትፈልግ እትዬ ራሂማ «ድስቴን አትንኪ፣ ክዳኑን ውሰጂ» አሏት። የትልቁ ድስት ክዳን ዓመት ከዓመት ጥላሸት ጠግቦ ጥቁር ሰሌዳ ሆኗል፣ ጠመኔ እንደ ጉድ ይይዛል። ሰምሃል ክዳኑን የድንኳኑ ምሰሶ ላይ ሰቅላ፣ ጥቁር ነጠላዋን አጣፍታ፣ ሰው ሁሉ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ ከጨረሰ በኋላ ታስተምራለች።

ያው ሰው መጀመሪያ አጉረምርሟል። አንዳንዱ «የሙት ቤት መቀለጃ ሆነ» አለ። ባላቸው ገና የተቀበሩ አንዲት ሴት ግን «ካርታ ስትጫወቱ ያላፈራችሁ አሁን ነው የምታፍሩት?» ብለው ዝም አሰኙት። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተለመደ፤ ሲለመድም ተወደደ። የሚያረፍድ ጠፋ። ከከተማው ዳር የሚመጡት ቀድመው ደርሰው የፊቱን ወንበር ይይዛሉ። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ቡዜ ሳይቀር የማለዳ ጥሪውን አሻሻለው።

«እድርተኛ ሆይ ስማ! ወይዘሮ እከሊት አርፈዋል! ቀብር በስድስት ሰዓት! ነገ ምዕራፍ ሦስት! ያለፈው ያልገባው ቀደም ብሎ ይምጣ!»

የአጎራባች እድር አባላት መቅናት ጀመሩ፤ አንዱ ሰውዬ እናቱ ሳይሞቱ ወደ አንድ ጥላ ለመዛወር አማላጅ ላከ። ሟቾቹም በምዕራፋቸው ይታወቁ ጀመር። «የኔ ባል ምዕራፍ አራት ደረሰው» ትላለች አንዷ ዓይኗን እየጠረገች፣ «ደስ የሚል ምዕራፍ ነው። የሷ ሰውዬ ግን ምስኪን፣ ገና መግቢያው ላይ ሄደ።»

ሰምሃል ደግሞ ማስተማር ወደደች። ኮምፒውተር ላይ ተጎንብሳ ያለፉት ዓመታት ሁሉ ለዚህ እንደነበሩ ተሰማት። አንድ ሰው ገብቶት ፊቱ ሲፈካ ስታይ እሷም አብራ ትፈካለች፣ ወዲያው ደግሞ የምትፈካው ሰው ሞቶ መሆኑ ትዝ ይላትና ታፍራለች።

ከሁሉም ተማሪ የሚበልጡት አቶ ሃድጉ ነበሩ። በትጋት ማለት ነው እንጂ በመልስ አይደለም። ቀድመው ይመጣሉ፣ የቤት ሥራ ይሠራሉ፣ ሁልጊዜም ይሳሳታሉ። ሳንቲም ስትወረውር አራት ጊዜ ዘውድ ከሆነ አምስተኛው «ግዴታ» ጎፈር ነው፤ ይህን ከራሳቸው የሚያወጣላቸው ጠፋ።

«አባባ፣ ሳንቲም ተራ አይጠብቅም።»

«ጓለይ፣ ልጄ፣ ታክሲ እንኳ ተራ ይጠብቃል።»

«ታክሲውን ተራ አስከባሪ ነው የሚያስጠብቀው። ሳንቲሙን ማን ያስጠብቀዋል?»

«እግዜር!» ይላሉ፣ ድንኳኑም «እውነታቸውን ነው» ብሎ ያጅባቸዋል፤ ሰምሃልም እንደገና ከሀ ትጀምራለች። ቤታቸው ድረስ ሄዳ ያስረዳችበት ቀን አለ። ሻይ አፍልተው፣ ሁለት ስኳር ጨምረው፣ በትሕትና ሰምተው፣ በማግስቱ ያንኑ ስህተት ደገሙት።

ሰባተኛው ምዕራፍ አለቀ። ማመልከቻው ሊዘጋ ሦስት ሳምንት ቀረው። ዶክተር አረጋዊ ነገሩን ሲሰሙ መጀመሪያ መስፈርቱን በጣታቸው ቆጠሩ፣ ከዚያም «ሁሉም ተሟልቷል፤ እንዲያውም ስም መጥራቱን እኛ ትተነዋል» አሉ። የመጨረሻውን ክፍል ግን መጥተው በዓይናቸው ያያሉ። የቀረው አንድ ምዕራፍ ብቻ ነው። ማለትም አንድ ሰው።

ሰውም መሞት አቆመ።

ሰምሃል ሙያዋ ነውና አስልታዋለች። በዚህ የአባል ብዛትና በዚህ ዕድሜ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ማንም ሳይሞት ማለፉ ሊሆን የሚችል ነገር አልነበረም። ግን ሆነ። እድሩ ከተመሠረተ እንዲህ ጤነኛ ሆኖ አያውቅም። ዓመት ሙሉ ሲያጣጥሩ የከረሙ ተነሥተው ገበያ መሄድ ጀመሩ። ሰው ሲገናኝ «ደህና ነህ?» ይባባላል፣ ቀጥሎ ደግሞ መልሱን በጥሞና ያዳምጣል። እትዬ ራሂማ አንድ ጠዋት መንገድ ላይ አገኟት።

«አክስቴ እኮ ደም ግፊቷ ወረደላት፣ አልሐምዱሊላህ!» ካሉ በኋላ የሰምሃልን ፊት አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ይቅርታ ሰምሃልዬ። አብሽሪ፣ አንድ ቀን…»

«ኧረ እትዬ ራሂማ፣ እንዲህ አይበሉኝ!» አለች ሰምሃል። ግን ዜናው እንዳስከፋት እሷም ታውቃለች፣ እትዬ ራሂማም አውቀዋል።

በሁለተኛው ሳምንት አቶ ሃድጉ ታመሙ። ሳንባቸው ነው ተባለ። ሰምሃል ብርቱካን ይዛ ልትጠይቃቸው ሄደች። አልጋቸው ላይ አንሰው፣ ትራሱ ውጧቸው አገኘቻቸው። የሰምሃል ዓይን፣ እሷ ሳታዘው፣ ግድግዳው ላይ ያለው የቀን መቁጠሪያ ላይ አረፈ። አቶ ሃድጉ አዩዋት።

«መቼ ነው የሚዘጋው?» አሏት።

«ምኑ?»

«ማመልከቻሽ ነዋ።»

«በሚቀጥለው ሰኞ» አለች ሰምሃል። «ለምን ጠየቁኝ?»

«እንግዲህ እሞክራለሁ» አሉ አቶ ሃድጉ፣ ዓይናቸውንም ጨፈኑ።

ሰምሃል ከዚያ ቤት እንዴት እንደወጣች አታውቅም። እስከ መስቀል አደባባይ ድረስ በእግሯ ሄዳ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ለአንዲት የማስተማር ልምድ ብላ የሰው ሞት የምትቆጥር ሴት ሆናለች። ለሰው ሞት አነሰው፤ ለሷማ በጣም አነሳት። በዚያው ቁጭ ባለችበት ላለማመልከት ወሰነች፣ ለአቶ አስገዶምም ደውላ ነገረቻቸው። አቶ አስገዶም «ኮርስ ጀምሮ ማቋረጥ በደንቡ…» ብለው ሲጀምሩ ስልኩን ዘጋችው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ በሩ ተንኳኳ። አቶ ሃድጉ ናቸው። በከዘራ ተደግፈው፣ ኮታቸውን ለብሰው፣ አንገታቸውን ደፍተው።

«ይቅርታ ጓለይ» አሉ፣ «አልሆነልኝም።»

ሰምሃል ከሳቅና ከልቅሶ የትኛውን እንደምታስቀድም ግራ ገባት፤ ሁለቱም አንድ ላይ መጡባት። «አባባ፣ እባክዎ! ይኑሩልኝ! እኔ ነኝ ይቅርታ የምጠይቅዎት!»

«አታልቅሺ። እንደ ካምቢዮ ነው፤ አንዳንዴ አልገባም ይላል።» ሶፋው ላይ ተቀመጡና ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሐል አቆሙት። «እኔ ሌላ መላ አለኝ። ልጅ የለኝ፣ ዘመድ የለኝ። ከሞትኩ በኋላ ማን ተዝካር ያወጣልኛል? ድሮ ወራሽ የሌለው ሰው በቁሙ ተዝካሩን ያወጣ ነበር። እኔም የቁም ተዝካሬን ላውጣ። ድንኳን ይተከል፣ ስም ይጠራ፣ አንቺም ምዕራፍሽን ጨርሺ።»

አቶ አስገዶም ደንቡን ይዘው ሁለት ቀን ተቀመጡበት። በሦስተኛው ቀን ፊታቸው በርቶ መጡ። ደንቡ ተዝካር ለሚያወጣ አባል ድንኳንና ዕቃ ይሰጣል ይላል። ባለ ተዝካሩ መሞት አለበት ግን አይልም፤ ደንቡን የጻፉት ሰዎች ይህን መጻፍ ያስፈልጋል ብለው አላሰቡም። በዚያው ጠዋት ቡዜ ጥሩምባውን ይዞ ወጣ።

«እድርተኛ ሆይ ስማ! አቶ ሃድጉ አላረፉም! ቀብር የለም! ቅዳሜ ግን ተዝካራቸው ነው! ምዕራፍ ስምንትና ፈተና! የቀረ ይቀጣል!»

እንደ ልማዱ ስሙን ብቻ ሰምቶ ቀሪውን ሳይሰማ ያለቀሰ ብዙ ነው። ቅዳሜ ደረት እየደቁ የመጡ ሴቶች ድንኳኑ በር ላይ አቶ ሃድጉ ቆመው «ግቡ፣ ግቡ» ሲሏቸው አንዳንዶቹ ተቆጡ፤ አንዷማ ያፈሰሰችውን እንባ ማን እንደሚተካላት ጠየቀች። ቄሱ ጸሎት አደረሱ፣ ነዳያን በሉ፣ እንግዶች ጠጡ። አቶ አስገዶም ስም ጠሩ። ክዳኑም ተሰቀለ።

ዶክተር አረጋዊ ጥቁር ሱፍና ጥቁር ክራቫት አድርገው ደረሱ። ድንኳን ሲያዩ እግራቸው በራሱ ሥርዓቱን ያዘ። ወደ ሐዘንተኛው ቦታ ሄደው አቶ ሃድጉ ፊት ጎንበስ አሉ።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት።»

«አሜን፣ ልጄ።»

«ሟች ስንት ዓመታቸው ነበር?»

«ሰማንያ ሁለት ሆነኝ» አሉ አቶ ሃድጉ። «ተቀመጥ፣ ልትጀምር ነው።»

ሰምሃል እንደዚያ ቀን አስተምራ አታውቅም። ስለ ዕድል ስትናገር ስለ ራሳቸው እንደምትናገር ሁሉም ገብቷቸዋል፤ ስለዚህ ያደምጣሉ። ከዚያ ፈተናው መጣ። አንድ በአንድ እያስነሣች በቃል ጠየቀቻቸው። እትዬ ራሂማ አለፉ። ቡዜ አለፈ፤ አልፎም ሊነፋ ጥሩምባውን ሲያነሣ ተከለከለ። በመጨረሻ አቶ ሃድጉ ተነሡ።

«አባባ» አለች ሰምሃል፣ «ሳንቲም አራት ጊዜ ወርውረን አራቱንም ዘውድ ሆነ። አምስተኛው ምን ይሆናል?»

መልሱን ሁሉም ያውቀዋል። ከኋላ «አይታወቅም ይበሏት» ብሎ የሚያንሾካሹክ አለ። አቶ ሃድጉ ደረታቸውን ነፉ።

«ጎፈር ነዋ! ተራው ነው!»

ሰምሃል ዶክተር አረጋዊን አየች። አቶ ሃድጉን አየች። ተዝካሩ የሳቸው፣ ድግሱ የሳቸው፣ ይህ ሁሉ የተደረገው በሳቸው። ቢሆንም መልሱ ስህተት ነው።

«አላለፉም፣ አባባ» አለች።

«ይሁን፣ ድጋሚ እፈተናለሁ» ብለው አቶ ሃድጉ ቅር ሳይላቸው ተቀመጡ።

ዶክተር አረጋዊ ከወንበራቸው ተነሡ። «በቃኝ» አሉ። «ሰውየውን በገዛ ተዝካሩ ላይ የምትጥል መምህር ካገኘሁ ሌላ ምን እፈልጋለሁ? ሰኞ ማመልከቻሽን አምጪ።» እልልታው ድንኳኑን ሊነቅለው ደረሰ። አቶ ሃድጉ ከማንም በላይ አጨበጨቡ።

ወረቀቱ ሁሉ አልቆ፣ የመጀመሪያው ክፍል ለጥቅምት አንድ ሰኞ ጠዋት ለአራት ሰዓት ተያዘላት። እናቷ አዲስ ሱሪ በኮት ገዙላት። በዚያ ሰኞ ማለዳ፣ ገና ፀጉሯን እያበጠረች፣ የቡዜን ጥሩምባ ሰማች።

«እድርተኛ ሆይ ስማ! አቶ ሃድጉ አርፈዋል! ቀብር በአራት ሰዓት!»

በየበሩ ሰው ሳቀ። «ደግሞ ስንተኛ ምዕራፍ ነው?» ብሎ ከላይ የጮኸም ነበረ። ቡዜ እንዳይስቁ እየለመነ «የእውነት ነው! የእውነት ነው!» እያለ እየደጋገመ ሄደ። ምዕራፍ አልጠራም። ሰምሃል ያን ጊዜ አመነች።

ለዶክተር አረጋዊ ደወለች።

«ፈቃድ የሚሰጠው ለባልደረባ ነው» አሏት፣ ማዘናቸው ከድምፃቸው ያስታውቃል። «ባልደረባ የምትሆኚው ደግሞ የመጀመሪያውን ክፍል ስታስተምሪ ነው።»

«ስለዚህ ፈቃድ ለመጠየቅ መጀመሪያ ላስተምር ነው የሚሉኝ?»

«እንደሱ ነው።»

«እስከዚያ ቀብሩ ያልፋል።»

«ያልፋል» አሉ። «ካልመጣሽ ግን ቦታው ለተጠባባቂው ነው የሚሰጠው። እኔ አይደለሁም፣ ሰምሃል፤ መስፈርቱ ነው።»

ሰምሃል ለዚያች ቦታ ወራት ሙሉ ለቅሶ ለቅሶ ስትዞር መክረሟን አሰበች። አዲሱን ኮት አየችው። ከዚያ አውልቃ አልጋው ላይ አስቀመጠችውና ጥቁር ነጠላዋን አነሣች። «እንግዲያው ለሱ ይስጡት» አለች።

ከቀብር መልስ ድንኳኑ ሞልቶ ነበር፤ የሐዘንተኛው ቦታ ግን ባዶውን ነው። አቶ ሃድጉ ዘመድ ስላልነበራቸው ሰዉ እየገባ «ያጽናችሁ» የሚለው አጥቶ በቆመበት ይንቆራጠጣል። እትዬ ራሂማ የሰምሃልን እጅ ያዙ፣ እየመሩ ወስደው እዚያው አስቀመጧት። አንድ ሰው በልማድ ክዳኑን ይዞ መጣ። ከፊት የተቀመጡትም ቀና ብለው ጠበቋት።

«ዛሬ ትምህርት የለም» አለች።

ያን ሁሉ ለቅሶ ተቀምጣ፣ ለአንዱም ሳታለቅስ ነበር ያሳለፈችው። አሁን ለሁሉም አለቀሰች፤ ከሁሉም በላይ ግን ለአቶ ሃድጉ። እትዬ ራሂማ «አልቅሺ፣ ይውጣልሽ» እያሉ ጀርባዋን ያሻሹ ነበር። አቶ አስገዶም እንኳ ያን ቀን ስም አልጠሩም።

ከሰዓት በኋላ ከሩቅ የመጣ አንድ ሾፌር ገባ፤ ድሮ አቶ ሃድጉ ጎማ ይለጥፉለት የነበረ፣ በድንኳኑ ማንንም የማያውቅ ሰው። ሰምሃል ፊት ጎንበስ ብሎ እጇን ያዛት።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ እህቴ። አባትሽ ናቸው?»

«አይደሉም።»

«አያትሽ?»

«ተማሪዬ ናቸው» አለች ሰምሃል፣ እንባዋም እንደገና ወረደ።

ሰውዬው ምሰሶው ላይ የተሰቀለውን የሽማግሌውን ፎቶ አየ፣ እሷን አየ። ሐዘን ሰውን ያላሰበውን እንደሚያናግረው ያውቃል። ኮፍያውን አውልቆ አጠገቧ ተቀመጠ።